ፋየርፎክስ ይቀጥላል ብላችሁ ታምናላችሁ? ተስፋችሁንና ስጋታችሁን ንገሩኝ

የቧንቧ ውኃዋ ጸሐፊ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ቧንቧ ውኃ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት አገልግሎት መስጫ ቤት አለኝ። ጥያቄዬ ድረ ገጽ ስለምንከፍትበት ፕሮግራም (ብራውዘር)፣ ስለ ፋየርፎክስ ነው። የትኛው ብራውዘር ይፈጥናል የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ተዉልኝ። ማወቅ የምፈልገው ይህ ብራውዘር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይኖራል ወይ፣ ከኖረስ ዛሬ የምናምነው ዓይነት ሆኖ ነው ወይ የሚለውን ነው። ቤቴ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች በሙሉ የማሠራው በእርሱ ስለሆነ ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ሆኖብኛል።

ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ኮምፒውተር የሚነካ አይደለም። ከኩታበር ወይም ከወረኢሉ የተነሣ አባት ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣና የልጁን የፓስፖርት ማመልከቻ ሙይልኝ ይለኛል። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ የተዘጋጀች ልጅ የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ ፎቶግራፏን፣ የእናትና የአባቷን ስም፣ የስልክ ቁጥሯን ጠረጴዛዬ ላይ ትዘረግፋለች። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን ሰልፉ ከበር አልፎ መንገድ ላይ ይደርሳል። በጥቅምት ደግሞ የዲቪ ወረፋ ነበረ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በየትኛው ብራውዘር እንደምሠራ የጠየቀኝ የለም። የሚያምኑት እኔን ነው። ስለዚህ የእነርሱን ምስጢር በየትኛው በር እንደማስገባ የማሰብ ግዴታው የእኔ ነው።

ፋየርፎክስን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኛ ሲቀመጥ የግል መስኮት እከፍታለሁ፤ ሲነሣ እዘጋዋለሁ። አንድ ሰው በተለመደው መስኮት ገብቶ ከሆነም ከታሪክ ማኅደሩ ውስጥ ያንን ድረ ገጽ ብቻ ነጥሎ ሙሉ በሙሉ የሚያስረሳ ትእዛዝ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ አንድ ድረ ገጽ የሚያስቀምጣቸውን ኩኪዎች (እኛን የሚያስታውስባቸውን ትንንሽ ፋይሎች) ሌላው እንዳያያቸው ለየብቻ አጥሮ ያስቀምጣል፤ ይህን የሚያደርገው እኔ ምንም ሳልነካ ነው። በቀን ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ለሚገለገልበት ቤት የዚህን ጥቅም መናገር አያስፈልገኝም።

የመብራቱም ነገር አለ። ረጅም ቅጽ ሞልተን ልንጨርስ ስንል መብራት ይሄዳል። ተመልሶ ሲመጣ፣ በተለመደው መስኮት እየሠራን ከነበረ፣ ፋየርፎክስ የነበሩትን ገጾች ከነተጻፈው ጽሑፍ መልሶ የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ፊት እንደገና ከስሙ መጀመር ምን ያህል እንደሚከብድ በዚህ ሥራ ያለ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ስጋቴ ልምጣ። የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በሚቆጥረው በስታትካውንተር መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ ከዓለም ተጠቃሚ ሲሶ ገደማው ፋየርፎክስን ይጠቀም ነበር። ዛሬ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም አንድ ላይ ሲቆጥሩት ከመቶ ሦስት አይሞላም። ይህ ሁሉ ሰው የት ሄደ ቢባል ክሮም ነው መልሱ፤ ስልክ ሲገዛ ተጭኖ ይመጣል፣ ጉግልን የከፈተ ሁሉ ያየዋል።

ከዚያ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ ገንዘቡ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ፋየርፎክስን የሚሠራው የሞዚላ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ፣ አሜሪካ ውስጥ ጉግል በተከሰሰበት ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር ከድርጅቱ ገቢ 90 በመቶ ገደማው ከፋየርፎክስ እንደሚገኝ፣ ከዚያም ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ጉግል የሚከፍለው እንደሆነ ተናግሯል። ክፍያው ጉግል የመጀመሪያው የፍለጋ ሞተር ሆኖ እንዲቀመጥ ነው። የክሮም ባለቤት ጉግል፣ ፋየርፎክስን የሚያኖረውም ጉግል! እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ያንኑ ጉዳይ ያዩት ዳኛ አሚት ሜህታ ጉግል ብቸኛነትን የሚያስገድድ ውል እንዳይዋዋል ከልክለው ክፍያው ግን ሊቀጥል እንደሚችል ወሰኑ። ያን ቀን ተንፍሻለሁ፤ ነገር ግን በተፎካካሪው ኪስ የሚኖር ሰው እስከ መቼ ቀና ብሎ ይናገራል?

ከገንዘቡ በላይ ልቤን የነካው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የወጣው የአጠቃቀም ውል ነው። በብራውዘሩ በኩል ለምናስገባው መረጃ ፈቃድ እንደምንሰጣቸው የሚናገር አንቀጽ ነበረው። ተጠቃሚው ሲጮህ በቀናት ውስጥ አሻሻሉት። ከድረ ገጻቸው ላይ ግን ‹‹መረጃችሁን ሸጠን አናውቅም፣ ወደፊትም አንሸጥም›› የሚል መንፈስ ያለው የቆየ ቃል ኪዳን ተነሣ። ምክንያታቸው በአንዳንድ አገሮች ሕግ ‹‹መሸጥ›› የሚባለው ነገር በጣም ሰፊ ትርጉም አለው የሚል ነበር። ሕጉን ላስተምራቸው አልችልም። ነገር ግን የሰው የልደት ወረቀት ይዤ የተቀመጥሁ ሴት ነኝ፤ የተነሣው ቃል ደግሞ ወደዚህ ብራውዘር ያመጣኝ ዋናው ቃል ነበር።

ታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. አዲሱ የሞዚላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አንቶኒ ኤንዞር ዴሜዮ ፋየርፎክስ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብራውዘርነት እንደሚያድግ አስታወቁ። ተቃውሞው ሲበረታ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማጥፊያ እንደሚኖር ቃል ተገባ። እኔ ቴክኖሎጂውን አልጠላም። ቅጽ በምሞላበት መስኮት አጠገብ የሚያነብ ነገር ተቀምጦ ማየት ግን አልፈልግም።

እንግዲህ እናንተስ? ከፋየርፎክስ እንዳይጠፋ የምትፈልጉት ምንድን ነው? ምን ቢያደርጉ ትተዉታላችሁ? የተዋችሁትም ካላችሁ ለምን እንደተዋችሁ ንገሩኝ፤ አልቆጣም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሣሽ። ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ። ስጋትሽን እጋራለሁ፣ ነገር ግን አደጋውን የማየው በሌላ አቅጣጫ ነው።

ፋየርፎክስ አንድ ቀን ጠዋት ተዘግቶ አናገኘውም። ሊሆን የሚችለው ቀስ በቀስ መረሳት ነው። ድረ ገጽ የሚሠራው ሰው ሥራውን በክሮም ብቻ ይሞክራል፤ ሠራ ብሎ ያስረክባል። በፋየርፎክስ አንድ ቁልፍ አልነካ ቢል ተጠቃሚው የሚወቅሰው ፋየርፎክስን ነው። ከዚያ ይተወዋል። ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ የሚሞክረው ሠሪ የባሰ ያንሳል። እኔ በምሠራባቸው ቦታዎች ይህን በዓይኔ አያለሁ፤ ‹‹ለሦስት በመቶ ሰው ብለን ጊዜ አናጠፋም›› የሚል አለቃ አለኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። እያንዳንዱ ብራውዘር ገጹን አንብቦ በስክሪን ላይ የሚስል ሞተር አለው። የክሮም ብሊንክ ይባላል፣ የፋየርፎክስ ጌኮ፣ የአፕል ዌብኪት። ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ ወደ ጉግል ሞተር ገባ። የማይክሮሶፍት ኤጅም እ.ኤ.አ. በ2020 ተከተለ። ብሬቭና ቪቫልዲ ስማቸው ቢለያይም ውስጣቸው ያው ክሮም የተሠራበት ክሮሚየም ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ ላይ ጌኮ ከጠፋ የቀረው በተግባር አንድ ሞተር ነው። ሰኞ ገበያ ውስጥ አንድ እህል ነጋዴ ብቻ ቢቀር ሚዛኑን ከማን ጋር አስተያይተሽ ትክክል ነው ትያለሽ? ድረ ገጽ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚወሰነው በስምምነት መሆኑ ይቀርና አንድ ድርጅት ያደረገው ሁሉ ሕግ ይሆናል።

ይህን አንድ ጊዜ አይተነዋል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ማይክሮሶፍት ገበያውን ጠቅልሎ ስለያዘ ቀጣዩን ሰባተኛ እትም ያወጣው በ2006 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የዓለም ሰው ባለበት ቆመ። ያንን ዝምታ የሰበረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 የወጣው ፋየርፎክስ 1.0 ነበር።

ተስፋዬም ከዚያው ታሪክ የሚመጣ ነው። ኔትስኬፕ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የብራውዘሩን ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ኩባንያው ራሱ ሞተ፤ ከኮዱ ግን ሞዚላ፣ ከሞዚላም ፋየርፎክስ ወጣ። ዛሬም የፋየርፎክስ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። ሞዚላ ቢዘጋ እንኳ ኮዱን ማንም መሬት ሊቀብረው አይችልም። ቶር ብራውዘር፣ ሊብረዎልፍ፣ ዋተርፎክስ ሁሉም በእርሱ ላይ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ራሴን አላታልልም፦ የጸጥታ ቀዳዳ በየጊዜው የሚደፍን ብዙ ሙያተኛ ካልተከፈለው ክፍት ኮድ ብቻውን ያንቺን ደንበኞች አይጠብቅም።

የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

አልቆጣም ስላልሽ በግልጽ ልናገር። እኔ የተዉሁት ነኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፣ ለዓመታት ፋየርፎክስ ስጠቀም ቆይቼ ወደ ክሮም ገብቻለሁ።

የተውሁበት ምክንያት ሞዚላ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ስልክ እንሠራለን ብለው ፋየርፎክስ ኦኤስን አወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተዉት። ጽሑፍ ለኋላ ንባብ የሚያስቀምጠውን ፖኬትን በ2017 ገዙ፤ በሐምሌ 2025 ዘጉት። ፋይል መላኪያ ነበራቸው፣ እወደው ነበር፣ እርሱንም በ2020 ዘጉት። በዚያው ዓመት በነሐሴ 250 ያህል ሠራተኛ አሰናበቱ። አንድ ሥራ ይዞ እርሱን ጥሩ አድርጎ መሥራት ለምን አቃታቸው? ሰዎች የጠየቋቸው ፈጣንና የማይሰናከል ብራውዘር ነው።

ደግሞም እህቴ፣ የአንቺ ደንበኞች ፎቶና የልደት ወረቀት የሚሄደው ወደ ተቋሙ ድረ ገጽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ተቋሙ ነው። ብራውዘሩ ማንም ይሁን ማን መንገዱ ያው የተመሰጠረ መንገድ ነው። ክሮም ደግሞ በጸጥታ በኩል ደካማ ነው የሚለው ሰው አላውቅም። ለመሣሪያ ይህን ያህል መጨነቅሽ አሳዝኖኝ ነው የምጽፈው።

የቧንቧ ውኃዋ ጸሐፊ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ስለ ግልጽነትህ አመሰግናለሁ። ስለተዘጉት አገልግሎቶች ያልኸው እውነት ነው፤ የ250ዎቹን ሰዎች ዜና ያነበብሁ ቀን እኔም አዝኛለሁ።

በአንዱ ግን አልስማማም። ክሮም ሌባን ከውጭ እንደሚከላከል አምናለሁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የብራውዘሩ ባለቤት የሚኖረው ከምን ነው? ጉግል የሚኖረው ከማስታወቂያ ነው። ለዚህ ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው ዩብሎክ ኦሪጅንን ነው። ማስታወቂያና ክትትል የሚያግደው ይህ መገልገያ እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 በክሮም ላይ እንዳይሠራ ተደርጓል፤ ጉግል ለተጨማሪ መገልገያዎች ባወጣው ማኒፌስት ቪ3 በሚባለው አዲስ ደንብ ምክንያት። ቀለል ያለ፣ አቅሙ የተቀነሰ ሌላ እትም ነው የቀረላችሁ። በፋየርፎክስ ላይ ሙሉው አሁንም ይሠራል። ምክንያቱ የጸጥታና የፍጥነት ነው ተብሏል፤ ይሁን። ውሳኔው በማን እጅ እንደነበረ ግን ሁላችንም አይተናል።

ይህ ለእኔ የሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። ሐሰተኛ ‹‹አውርድ›› የሚል ቁልፍ ያለበት ማስታወቂያ ስንት ደንበኛ እንዳሳሳተ ብታይ! የፈተና ውጤት ሊያይ የመጣ ልጅ በአረንጓዴ ያብረቀረቀውን ሁሉ ይጫናል። ማገጃውን ካስገባሁ በኋላ ከኮምፒውተሮቼ ላይ የማጸዳው ቆሻሻ በጣም ቀንሷል፣ የኢንተርኔት ፍጆታዬም እንዲሁ።

ቦርከና፣ ስለ መረሳት ያልኸው በእኔ ቤት ጀምሯል። ስሙን የማልጠራው አንድ የማመልከቻ ድረ ገጽ አለ፤ በፋየርፎክስ ስከፍተው ‹‹እባክዎ ክሮም ይጠቀሙ›› ብሎ ይመልሰኛል። ለእርሱ ብቻ ስል አንድ ኮምፒውተር ላይ ክሮም ለመጫን ተገድጃለሁ።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሆጤ)

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ከእናንተ ውስጥ ስለ ፊደላችን የተናገረ ስላላየሁ እኔ ልናገር።

ፊደላችን የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር የጻፍን ሰዎች የደከምነውን ድካም እናውቃለን። በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ይሆን ነበር። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ለሌላ ትምህርት ቤት መምህር ልኬ ማንበብ ስላልቻለ እንደገና በእጅ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ዓይኔ ደክሟል። ፋየርፎክስን የያዝሁት በአንድ ነገር ነው። ቅንብሩ ውስጥ ስለ ፎንት የሚናገረው ክፍል አለ፤ የላቀውን አማራጭ ስትከፍቱ የዓለም ፊደላት ዝርዝር ይመጣል፣ በዝርዝሩም ውስጥ የእኛ ፊደል ለብቻው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለአማርኛ ብቻ የሚሆን ፎንትና ከዚህ በታች እንዳያንስ ብዬ የምወስነው መጠን እመርጣለሁ፤ እንግሊዝኛው እንዳለ ይቀራል። እኔ አቢሲኒካን ነው ያደረግሁት፤ ‹‹ጨ›› እና ‹‹ጬ››ን፣ ‹‹ኀ›› እና ‹‹ኅ››ን ያለ መነጽር እለያለሁ። የልጄ ክሮም ላይ ይህን ፈልጌ አማርኛን ለብቻው የሚለይ ቦታ በቅንብሩ ውስጥ አላገኘሁም። ጋዜጣ ሳነብ ደግሞ የንባብ መልኩን እጫናለሁ፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይጠፋና ጽሑፉ ብቻ ይቀራል።

ይህን ማን አሰበው? ብዙ ገንዘብ የሚያመጣለት ሰው አይደለም ያሰበው። የእኔ ስጋት ይህ ነው፦ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እንዲህ ያለው ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው። ተስፋዬም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሞዚላ ፖንቱን በሚባለው መድረክ ላይ ማንም በጎ ፈቃደኛ ገብቶ ወደ ቋንቋው መተርጎም ይችላል ይባላል። እኛ ደሴዎች የተማረ ወጣት አጥተን አናውቅም። የወይዘሮ ስኅን ተማሪዎች በክረምት በዚህ ላይ ቢሠለፉ እኔ የቃላቱን ትክክለኛነት እያየሁ ለማረም ዝግጁ ነኝ። ሠዋስው ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

ካምፓስ ያለሁት (ኮምቦልቻ)

እኔ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢ ተማሪ ነኝ። ኮምፒውተር የለኝም፤ ሁሉን የምሠራው በስልክ ነው። ስለዚህ ክርክራችሁን የማየው በስልክ በኩል ነው።

ፋየርፎክስ ለአንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ተጨማሪ መገልገያዎችን በስፋት ፈቅዷል። የአንድሮይዱ ክሮም ግን ይህን አያደርግም። ዩብሎክን ስልኬ ላይ ጫንሁት፤ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምርም አገድሁ። የገዛሁት የዳታ ጥቅል አሁን በተሻለ ሁኔታ ይቆይልኛል። ይህንን ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ይገረማሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገራቸው ሰው የለም። ፋየርፎክስ ተጠቃሚ የሚያጣው መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ስለማይታወቅም ነው።

ቅሬታም አለኝ። ርካሽ ስልክ ላይ ሲከፈት ይዘገያል፣ ብዙ ገጽ ስከፍት ደግሞ ወደ ቀድሞው ስመለስ እንደ አዲስ ይጭናል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወጡትን ጊዜ እዚህ ላይ ቢያውሉት ደስ ይለኛል። የእኔ ትውልድ ኢንተርኔትን የሚያውቀው በስልክ ነው፤ በስልክ ካልጣመን በኮምፒውተር ያለው ጥሩነት አይደርሰንም።

ጋሽ መምህር፣ ለትርጉሙ ሥራ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ቁጠሩኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሽ መምህር ያነሡት የገንዘብ ነገር ልቤን ስለነካው አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ለሞዚላ ገንዘብ ቢለግስ ፋየርፎክስን የሚረዳ ይመስለዋል። ልገሳው የሚገባው ለሞዚላ ፋውንዴሽን ነው፤ ፋየርፎክስን የሚሠራው ግን ሞዚላ ኮርፖሬሽን ነው። ልገሳው ለብራውዘሩ ሥራ አይውልም። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም በአንጻሩ ዛሬ የሚኖረው ተጠቃሚዎቹ በሚለግሱት ገንዘብ ነው። ይህ ለፋየርፎክስ ለምን አይሆንም? የብራውዘር ወጪ ከኢሜይል ፕሮግራም ወጪ እጅግ እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ ልገሳ የጉግልን ቦታ በአንድ ጊዜ አይሞላም። ነገር ግን ‹‹ይህ ገንዘብ ለጌኮ ሠራተኞች ብቻ ነው›› የሚል ሣጥን ቢያስቀምጡ እኔ የመጀመሪያው ከፋይ እሆናለሁ። ከዚህ አገር ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀላል ባይሆንም መንገድ አይጠፋም።

ሌሎች አዲስ ሞተሮችም እየተሠሩ ነው። ሰርቮን ሞዚላ ራሱ ጀምሮት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ተሻግሯል። ሌዲበርድ የሚባለው ደግሞ ከባዶ ተነሥቶ፣ ከሌሎች ብራውዘሮች ሞተር ኮድ ሳይወስድ እየተጻፈ ነው። ሁለቱንም በደስታ እከታተላለሁ፤ ለጽሕፈት ቤትሽ ግን ገና ናቸው።

እህቴ፣ ኮምፒውተሮችሽ በምንድን ነው የሚሠሩት? ይህን የምጠይቅሽ ለወደፊቱ ከሞዚላ ገንዘብ ይልቅ ይህ ቀድሞ ሊያስቸግርሽ ስለሚችል ነው።

የቧንቧ ውኃዋ ጸሐፊ (ደሴ)

ትክክለኛውን ቁስል ነካኸው። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ቤቱን እንደገና የከፈትሁት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዝቼ ነው። የሚበዙት ዊንዶውስ 7 ናቸው፣ ሜሞሪያቸውም ትንሽ ነው። ክሮም ዊንዶውስ 7ን የተወው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው። ፋየርፎክስ ግን 115 የሚባለውን እትም ለእነዚህ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለይቶ የጸጥታ ማሻሻያ ሲሰጠው ቆይቷል፤ ማብቂያ ብሎ የቆረጠውን ቀንም ደጋግሞ አራዝሞታል። ለሞዚላ ያለኝ ምስጋና ከዚህ ይጀምራል። በሀብታም አገር ተጥሎ በእኛ ከተማ ሥራ ላይ ያለን ኮምፒውተር ያስታወሰ ድርጅት ነው። ማራዘሚያው ለዘላለም እንደማይሆን ግን ይገባኛል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ። መውጫ አለው። ፕሮሰሰሮቹ 64 ቢት ከሆኑ በዊንዶውስ ፈንታ ቀላል ሊኑክስ ጭነን አዲሱን ፋየርፎክስ እናስገባለን። 32 ቢት ከሆኑ ግን ይቸግራል፤ በሊኑክስ ላይ ፋየርፎክስ 32 ቢትን የደገፈው እስከ 144ኛው እትም ነው፣ እርሱም የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ነው። ኮር 2 ዱዎ የሚል ጽሑፍ ከፊቱ ላይ የተለጠፈ ካለሽ እርሱ 64 ቢት ነውና አትስጊ። አማርኛውን የሚያስጽፍ መሣሪያም በሊኑክስ ላይ አለ፤ በላቲን ድምፁን እየጻፍሽ ወደ ፊደል የሚቀይር ነው፣ በአንድ ቀን ይለመዳል።

ያ የሚመልስሽን ድረ ገጽ በሚመለከት፣ አድራሻውን በግል መልእክት ላኪልኝ። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ገጽ የብራውዘሩን ስም ብቻ አይቶ ነው የሚመልሰው፤ ውስጡ በፋየርፎክስ የማይሠራ ነገር የለውም። በፋየርፎክስ ምናሌ ውስጥ የተበላሸ ድረ ገጽ ማሳወቂያ አለ፤ በዚያ በኩል እናመለክታለን። ለድረ ገጹ ባለቤቶች ደግሞ የትኛው መስመር መነሣት እንዳለበት ጠቅሼ በሙያ ቋንቋ እጽፍላቸዋለሁ።

የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ውይይቱን ተከታትያለሁ። በሞዚላ አስተዳደር ላይ ያለኝ ሐሳብ አልተቀየረም። ስለ ዩብሎክ የተባለው ግን በቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ የደረሰብኝ ነው፤ አንድ ቀን ጠፍቶ አገኘሁትና ምክንያቱን ሳልጠይቅ ቀጥያለሁ። በግል ስልኬ ላይ ፋየርፎክስን መልሼ እሞክረዋለሁ። የቢሮውን ግን አልቀይርም፤ የምንሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም በክሮም ብቻ ነው የተፈተሸው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ይኸው፣ ያልሁት ይህንን ነው። ፕሮግራሙን የሠራላችሁን ድርጅት በፋየርፎክስም ፈትሹልን ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ከደንበኛ የመጣ ደብዳቤ የእኔን አለቃም ቢሆን ያሠራዋል።

የቧንቧ ውኃዋ ጸሐፊ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዚህ ውይይት በኋላ የወሰንሁት በፋየርፎክስ መቀጠልን ነው። የምተወው መቼ እንደሆነም ለራሴ ለይቻለሁ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ማጥፊያ ጠፍቶ እንኳ ከገጹ የሚያነብ ነገር መኖሩን ካወቅሁ፣ ወይም የአጠቃቀም ውሉ ዳግመኛ ደንበኞቼ የሚያስገቡትን መረጃ የሚነካ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ሌላ እሄዳለሁ። ከዚያ በመለስ ያለውን ጉድለት እታገሣለሁ።

ጋሽ መምህር፣ ለትርጉሙ ሥራ ቤቴ እሑድ ከሰዓት ዝግ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ግን አሉ። ልጆቹን ይዘው ይምጡ፣ የኢንተርኔት አላስከፍልም። ካምፓስ ያለኸውም ከኮምቦልቻ ከወጣህ ና።

ቦርከና፣ አድራሻውን ልኬልሃለሁ። የኮምፒውተሮቹንም ፊት አየሁ፤ አብዛኞቹ ኮር 2 ዱዎ ናቸው፣ ሁለቱ ምንም አልተጻፈባቸውም። የሚያሳስበኝ ፕሪንተሩና ስካነሩ ናቸው፤ በሊኑክስ አልታዘዝም ካሉኝ ሥራዬ ይቆማል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

የሁለቱንም ስምና የሞዴል ቁጥር ከጀርባቸው አንብበሽ ላኪልኝ። እስከዚያ አንዱንም ዊንዶውስ አትንኪ። ቅዳሜ ወደ ደሴ ስወጣ ሊኑክሱን በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፤ ሳንጭን ከፍላሹ ላይ አስነሥተን ፕሪንተሩ መታዘዙን እናያለን፣ ከታዘዘ ምንም ካልተጻፈባቸው ከሁለቱ በአንዱ እንጀምራለን።